«ኮከብ ላነሳ ነው» የሚለኝን እጮኛዬን ልመነው?

የዛሬው ደብዳቤ ለየት ይላል። እስከዛሬ «ደመወዙን ይደብቀኛል»፣ «እናቱ አልወደደችኝም»፣ «የድሮ ጓደኛው ትደውልለታለች» የሚሉ ደብዳቤዎችን ብዙ አስተናግደናል። ከሰማይ ከዋክብት ጋር ጣውንት ሆና የጻፈችልን ግን ይህችኛዋ የመጀመሪያዋ ናት። ስሟንና ሰፈሯን ትተን፣ ደብዳቤዋንም ትንሽ አሳጥረን እነሆ ብለናል።

«ውድ አዘጋጆች፣ ዕድሜዬ 26 ነው። ከእጮኛዬ ጋር ከተዋወቅን ሦስት ዓመት ሆኖናል። ሽማግሌ ልኮ፣ ቤተሰቦቼም እሺ ብለው፣ ሠርጋችን ለዘንድሮ ከፋሲካ በኋላ ተቆርጧል። ጥሩ ልጅ ነው። አይጠጣም፣ አይቅምም። ችግሩ የጀመረው ባለፈው ጥቅምት ነው። አንድ ቀን ትልቅ ካሜራ አንግቶ መጣ። ‹ከየት አመጣኸው?› ስለው ‹ከጓደኛዬ ተውሼ ነው› አለኝ። ከዚያ ወዲህ ዓርብ ወይም ቅዳሜ ማታ ከከተማ ይወጣል። ስልኩ አይሠራም። በማግሥቱ ጫማው አቧራ ለብሶ፣ ዓይኑ ቀልቶ፣ ጭስ ጭስ እየሸተተ ይመጣል። ‹የት አደርክ?› ስለው ‹ኮከብ ሳነሳ› ይለኛል። የትኛዋን ኮከብ?

«ደግሞ የሚሄደው ሁልጊዜ አይደለም። ሁለት ሳምንት ይጠፋና ቀጣዩን ሁለት ሳምንት ምንም እንዳልተፈጠረ ቤቱ ቁጭ ይላል። ጓደኞቼ ‹ሴትየዋ ባለትዳር ብትሆን ነው፤ የሚሄደው ባሏ ፊልድ ሲወጣ ነው› ይሉኛል። ጥፋት መሆኑን ባውቅም ቦርሳውን ፈተሽኩ። ቀይ ብርሃን የምታበራ ባትሪና የሴት የጸጉር ላስቲክ አገኘሁ። ካሜራውን ከፍቼ ሳይ ደግሞ ወደ 200 የሚሆን አንድ ዓይነት ጥቁር ፎቶ ነው። ሰው እንዴት አንድ ሰማይ 200 ጊዜ ያነሳል? ለማስመሰል ካልሆነ በቀር!

«በመጨረሻ ያወቅሁት ግን ከሁሉም የባሰ ነው። ለሠርጋችን ስንጥል የነበረው የ150 ሺህ ብር ዕቁብ መስከረም መጨረሻ ላይ ወጥቶለት ኖሯል። እኔን ግን ‹ገና ነው› ነበር የሚለኝ። ካሜራው የውሰት ሳይሆን የዕቁባችን ነው። ቀለበቱን ልመልስለት? ወይስ ልታገሠው? ግራ የገባት፣ ከአዲስ አበባ።»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሳነብ መጀመሪያ ሳቅኩ። የመጨረሻው አንቀጽ ላይ ስደርስ ግን ሳቄ ቆመ። ስለዚህ ነገሩን ለሁለት እንክፈለው። የኮከቡ ጉዳይ አንድ ነው፣ የዕቁቡ ጉዳይ ሌላ ነው። ሁለቱን ከቀላቀልሻቸው ፍርድሽ ይበላሻል።

ስለ ኮከቡ ከእኔ የተሻለ ምስክር አታገኚም፤ ያው በሽታ እኔም አለብኝና። የዛሬ ሦስት ዓመት ሰፈራችን መብራት ጠፍቶ አመሸ። ሻማ ልገዛ ወጥቼ ቀና ስል ሰማዩ ሌላ ሆኗል። አዲስ አበባ ተወልጄ አድጌ፣ 12ኛ ክፍል እስክጨርስ ስለ ከዋክብት ለፈተና ሸምድጄ፣ ራሳቸውን ግን በወጉ አይቻቸው አላውቅም ነበር። የመንገዱና የሕንፃው መብራት ወደ ላይ ይረጭና ደካማዎቹን ከዋክብት ይውጣቸዋል። ሻማውን ረስቼ ሱቁ በር ላይ ቆሜ ቀረሁ።

ከዚያ በኋላ ሠርግ ከሚያነሳ ጓደኛዬ ካሜራ ተውሼ ከደብረ ብርሃን ወዲያ ካለው አጎቴ ቤት ሄድኩ። ብርዱን ተይው! ካሜራውን ድንጋይ ላይ አስደግፌ እስከ እኩለ ሌሊት 60 ፎቶ አነሳሁ። ጠዋት ሳየው አንዱም ፎቶ አይደለም፤ ከዋክብቱ ውኃ ውስጥ እንደወደቀ ጥጥ ፈሰዋል። ለካ ካሜራ በጨለማ ውስጥ ፎከሱን በራሱ ማግኘት አይችልም። አጎቴ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ዱላቸውን ተደግፈው አጠገቤ ቆመው ሲያዩኝ አምሽተው «ይኼን ሁሉ የምታነሳው ለማን ነው?» አሉኝ። መልስ አጣሁ። ጥያቄያቸውን ያዢልኝ፤ እመለስበታለሁ።

አሁን ማስረጃዎችሽን አንድ በአንድ እንያቸው።

አንደኛ፣ ሁለት ሳምንት መጥፋቱና ሁለት ሳምንት ቤቱ መቀመጡ። ባሏ ፊልድ የሚወጣው ሴትዮ ጨረቃ ናት! ጨረቃ ከሙላት እስከ ሙላት 29 ቀን ተኩል ገደማ ይፈጅባታል። ስትሞላ ሰማዩን ሁሉ ስለምታበራው ደካማ ከዋክብት አይታዩም። ስለዚህ ኮከብ አንሺ የሚወጣው ጨረቃ በጠፋችበት ወይም ቀጭን በሆነችበት ሰሞን ነው። የእኛ ወር 30 ቀን ስለሆነ ከጨረቃዋ ጋር እኩል አይሄድም። በቀን መቁጠሪያ ሳይሆን ራስሽ ቀና ብለሽ ቁጠሪ። የጠፋባቸው ሌሊቶች ጨለማ ከነበሩ እውነቱን ነው። በጠፍ ጨረቃ «ኮከብ ላነሳ ነው» ብሎ ከወጣ ግን ያኔ ጠርጥሪው። በእርግጥ የጨረቃ ብርሃን ያረፈበትን ገደልና ተራራ የሚያነሱም አሉ። እንደዚያ ካለሽ ተራራውን ያሳይሽ።

ሁለተኛ፣ ቀይ ባትሪዋ። ዓይናችን ጨለማን በደንብ እስኪለምድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል። አንዴ ነጭ መብራት ወይም የስልክ ስክሪን ካየ የለመደውን ያጣና እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። ደብዘዝ ያለ ቀይ ብርሃን ግን ያን ያህል አይረብሸውም። ለዚህ ነው ቀይ የያዘው።

ሦስተኛ፣ የጸጉር ላስቲኩ። ይህችን እንኳ እኔም ከእህቴ ሰርቄያለሁ። ፎከሱ በእጅ ነው የሚስተካከለው። አንድ ደማቅ ኮከብ በካሜራው ስክሪን ላይ አጉልተሽ፣ ነጥቡ እስኪያንስ ድረስ ቀለበቱን ቀስ አድርገሽ ታዞሪያለሽ። ከተገኘ በኋላ ቀለበቱ ንክች ማለት የለበትም፤ በጨለማ ሳታውቂው ብትነኪው የሌሊቱ ሥራ ገደል ገባ። አንዳንዱ በፕላስተር ይለጥፈዋል፣ አንዳንዱ ላስቲክ ያስርበታል። ያም ሆኖ «የማን ናት?» ብለሽ ብትጠይቂው መብትሽ ነው።

አራተኛ፣ አንድ ዓይነት 200 ፎቶ። ይህ እንዲያውም ከሁሉ የበለጠ ነጻ የሚያወጣው ማስረጃ ነው። የከዋክብቱ ብርሃን ትንሽ ስለሆነ ሌንሱ ብዙ ሰከንድ ተከፍቶ መቆየት አለበት። ነገር ግን መሬት በሰዓት 15 ዲግሪ ትዞራለች። ብዙ ከቆየሽ ኮከቡ ነጥብ መሆኑ ይቀርና ሰረዝ ይሆናል። ለዚህ አንድ ቀላል ስሌት አለ። 500ን ለሌንሱ ሚሊ ሜትር ታካፍያለሽ፤ ውጤቱ የምትቆዪበት ሰከንድ ነው። ባለ 24 ሚሊ ሜትር ሌንስ ከሆነ 20 ሰከንድ ገደማ፣ ባለ 50 ከሆነ 10 ሰከንድ ማለት ነው። ውስጡ ያለው ብርሃን ተቀባይ አነስ የሚልባቸው ካሜራዎች ላይ ደግሞ የሌንሱን ቁጥር አስቀድመሽ በ1.5 ታበዢዋለሽ። በዚህ አጭር ጊዜ የሚነሳው ፎቶ ጥቁርና ብናኝ የበዛበት ይሆናል። ስለዚህ ያንኑ ሰማይ ደጋግመው ያነሱና እንደ ሴኳተር ወይም ዲፕስካይስታከር ባሉ በነጻ የሚገኙ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች አንዱን በአንዱ ላይ ይደራርቡታል። ብናኙ በየፎቶው ቦታውን ስለሚቀያይር ሲደራረብ ይጠፋል፤ ኮከቡ ግን ስለማይቀያይር ጎልቶ ይወጣል። እና 200 ፎቶ ማለት 200 ውሸት አይደለም። ገና ያልበሰለ አንድ ፎቶ ነው።

አምስተኛ፣ ስልክ አለመሥራቱ፣ ጭሱና ጠዋት መመለሱ። ጨለማ ያለበት ቦታ ብዙውን ጊዜ ኔትወርክም የለበትም። ጭሱ ካሳደረው ገበሬ ቤት ሊሆን ይችላል። ጠዋት የሚመለሰው ደግሞ ሌሊት ከዋክብቱን ያነሳ ሰው ንጋቱን ትቶ ስለማይሄድ ነው። ፀሐይ ልትወጣ ስትል ያለው ብርሃን ከጎን ስለሚመጣ ኮረብታውን ከኮረብታ፣ እርሻውን ከእርሻ ይለየዋል። በእኩለ ቀን ጠፍጣፋ የነበረው አገር በዚያች ሰዓት ጥልቀት ያገኛል። እኛ ደግሞ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ፀሐይዋ ቀጥ ብላ ነው የምትወጣው፤ ያ ለስላሳ ብርሃን ብዙ አይቆይም። ገና በጨለማው ቦታ ይዞ ያልጠበቀ አያገኘውም። ከመስከረም እስከ ጥቅምት አየሩ በዝናብ ታጥቦ፣ ሜዳው አረንጓዴ ሆኖ፣ አደይ አበባው ሲፈነዳ ብታዪው ጉድ ትያለሽ።

ያው በዚህ ጋዜጣ የኮከብ ቆጠራ ገጽ እንደምታነቢ እገምታለሁ። ቀውስና አቅራብ የምንላቸው እዚያ ገጽ ላይ ብቻ ያሉ አይደሉም፤ ሰማይ ላይ በዓይን ይታያሉ። ፈረንጆቹ ሚልኪ ዌይ፣ በእኛ ፍኖተ ሐሊብ የሚባለው የከዋክብት ጎዳና መሐሉ ያለው በቀውስ በኩል ነው፤ አቅራብ ጎረቤቱ ናት። በየካቲትና በመጋቢት ሊነጋ ሲል በደቡብ ምሥራቅ በኩል ይወጣል። ክረምቱ ሲገባ ደመናው ይሸፍነዋል። አሁን በጥር ግን ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ገደማ ኦሪዮን ከአናታችን በላይ ነው። ሦስት ከዋክብት በአንድ መስመር ተደርድረው መታጠቂያ ሠርተዋል። ከመታጠቂያው በታች ያለችው ጭጋግ የመሰለች ነገር ኔቡላ ትባላለች፤ ከዋክብት የሚወለዱባት የጋዝና የአቧራ ደመና ናት። ብርሃኗ እኛ ጋ ለመድረስ 1,300 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። ዛሬ ማታ ዓይንሽ ውስጥ የሚገባው ብርሃን ጉዞ የጀመረው ንጉሥ ላሊበላ ሳይወለድ ነው ማለት ነው።

«ይኼ የፈረንጅ ቅብጠት ነው» የሚሉሽ ካሉም አትስሚያቸው። የእኛ አገር ሰማይ ለዚህ የታደለ ነው። ለምድር ወገብ ስለቀረብን የሰሜን ኮከብንም የደቡብ መስቀልንም ከአንድ አገር ሆነን እናያለን። ሰሜን አውሮፓ ያለ ሰው የደቡብ መስቀልን ከቤቱ ሆኖ አያይም። እንጦጦ ላይ መስታወታቸው አንድ አንድ ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ፀሐይ በላሊበላ ሰማይ ላይ የእሳት ቀለበት ሆና መታየቷን አብዛኞቻችሁ ታስታውሳላችሁ።

እንግዲህ በኮከቡ ጉዳይ እጮኛሽን ነጻ አውጥቼዋለሁ። አሁን ዕቁቡ።

እዚህ ላይ ግን ጠበቃው መሆን አልችልም። «የውሰት ነው» ያለው ውሸት ነው። «ገና ነው» ያለውም ውሸት ነው። የሁለት ሰው ገንዘብ በአንድ ሰው ልብ አይወሰንም። የሚያሳዝነው ደግሞ ገንዘቡን ባይደብቅሽ ኖሮ ቀዩ ባትሪም፣ ላስቲኩም፣ ጭሱም የሚያስቁ ነገሮች ነበሩ። በአንዲት ውሸት ምክንያት ንጹሕ የሆነውን ነገሩን ሁሉ የውሽማ አስመሰለው።

አንድ ታሪክ ልንገርሽ። እ.ኤ.አ. በ1840 ጆን ዊልያም ድሬፐር የሚባል የኒውዮርክ ፕሮፌሰር ከመጀመሪያዎቹ የጨረቃ ፎቶግራፎች አንዱን አነሳ። ልጁ ሄንሪ ድሬፐር ሐኪም ሆነ፤ በሽታው ግን ከአባቱ ተጋብቶበት ነበር። እ.ኤ.አ. መስከረም 30 ቀን 1880 ያችን የነገርኩሽን የኦሪዮን ኔቡላ ለመጀመሪያ ጊዜ በፎቶግራፍ ያነሳት እሱ ነው። 51 ደቂቃ ፈጅቶበታል። ያን ሁሉ ሌሊት ብቻውን አልነበረም። ሚስቱ አና ከጎኑ እየቆመች ሥራውን ታግዘው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1882 ገና በ45 ዓመቱ ሲሞትባት መሣሪያውን ሸጣ አልተገላገለችም። ለሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የከዋክብት መመልከቻ ገንዘብ ሰጥታ የጀመረው ሥራ እንዲቀጥል አደረገች። ከዚያ የተገኘው በእሱ ስም የተሰየመው መዝገብ ከ225 ሺህ በላይ ከዋክብትን የያዘ ነው። በእርግጥ አና የሀብታም ልጅ ስለነበረች ዕቁብ መብላት አላስፈለጋቸውም! እኔ ግን የምልሽ ሌላ ነው። አና የምታግዘው ስለምታውቅ ነው። ያልነገሯትን ነገር ማንም ልታግዝ አትችልም።

ስለዚህ ምክሬ ይኼ ነው። ቀለበቱን ገና አትመልሺ። መጀመሪያ ቁጭ አድርገሽ አነጋግሪው። ቦርሳውን መፈተሽሽን አንቺ ቀድመሽ ንገሪው፤ ከዚያ የዕቁቡን ሒሳብ በወረቀት ይጻፍልሽ። ካሜራው ስንት፣ ሌንሱ ስንት፣ የቀረው ስንት። ቀጥሎ ምን እንደሚደረግ ሁለታችሁ ወስኑ። አንዱ ዕቃ ይሸጥ ይሆናል፤ ሠርጉ አነስ ይል ይሆናል፤ ወይም በየወሩ ከደመወዙ ይተካ ይሆናል። እሱን እኔ አልወስንላችሁም። ሒሳቡን አላሳይም ካለ ግን ችግራችሁ ካሜራው አይደለም፤ ያኔ ስለ ቀለበቱ አስቢበት።

ሒሳቡን ካሳየሽ ደግሞ አንድ ሌሊት አብረሽው ውጪ። ገና ስላልተጋባችሁ ታናሽ ወንድምሽን ወይም እህትሽን አስከትዪ። ጋቢና ሻይ በፔርሙስ ያዙ። የመንገዱን ሰላም ሳትጠይቁ፣ የሚያውቃችሁ ሰው በሌለበት፣ ለአካባቢው ሰው ሳትናገሩ አትሂዱ። በሌሊት ካሜራ ተክሎ የሚያድር እንግዳ የሚያጠራጥረው እጮኛን ብቻ አይደለም፤ የሰፈሩን ዘበኛም ነው። በቀን ደርሳችሁ ቦታውን እዩ። አንድ ብቸኛ ዛፍ፣ የገደል አፋፍ ወይም ጎጆ ምረጡ። ባዶ ሰማይ ፎቶ አይሆንም፤ ከሥሩ ምድር ሲኖረው ነው ሰማይነቱ የሚታወቀው።

አንተም ወንድሜ፣ ይህን ካነበብክ ስማኝ። ሌሎቻችሁም መጀመር የምትፈልጉ ወጣቶች እንደዚሁ። ይኼን ነገር ለመጀመር የሰው ዕቁብ አያስፈልግም። ዛሬ ብዙ ስልኮች ላይ «ፕሮ» ወይም «ናይት» የሚል አለ፤ ያለህ ስልክ ይበቃል። ቀድሞ መገዛት ያለበት ካሜራው ሳይሆን የማይወዛወዝ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ነው። ጣትህ ሲነካው እንዳይንቀጠቀጥ ታይመሩን 2 ሰከንድ ላይ አድርገው። ካሜራ ካለህ የሌንሱን ቀዳዳ እስከ መጨረሻው ክፈተው፤ አይኤስኦውን 1600 ወይም 3200 ላይ አድርገው፤ ፎቶውን «ሮው» በሚባለው ዓይነት አስቀምጠው። ካሜራው ያገለገለ ቢሆን፣ አብሮት የመጣው ባለ 18–55 ሌንስ ብቻ ቢኖርህ፣ በ18ቱ ላይ 15 ሰከንድ አንሳ። በመጀመሪያው ዓመት ከዚያ በላይ ምንም አያስፈልግህም። ማንም አይፈልግም ብለህ የምትሸሽገው ነገር ካለህ ደግሞ ፎቶውን ሳይሆን መጀመሪያ ደረሰኙን አሳይ።

ወደ አጎቴ ጥያቄ ልመለስ። ከዚያ ሌሊት በኋላ አራት ጊዜ ተመላልሼ አንድ ደህና ፎቶ አገኘሁ። የእሳቸው ጎጆ ነው፤ በላዩ ፍኖተ ሐሊብ ቆሟል። አሳጥቤ ወሰድኩላቸው። ብዙ ሰዓት ሲያዩት ቆዩና «ሰባ ዓመት ሙሉ ይኼ ከቤቴ በላይ ነበር?» አሉ። አሁን ምሰሶው ላይ ሰቅለውታል። ለማን እንደማነሳ ያወቅኩት ያን ቀን ነው።

እህቴ፣ ያንቺም እጮኛ እነዚያን 200 ጥቁር ፎቶዎች ደራርቦ የጨረሰ ቀን መጀመሪያ የሚያሳየው ለማን እንደሆነ ተመልከቺ። ለአንቺ ካሳየ፣ ሒሳቡንም ካስተካከለ፣ ከፋሲካ በኋላ የጥሪ ወረቀት እንጠብቃለን። ውጤቱን ጻፊልን።

እስከ ሳምንት ቸር እንሰንብት!